«ማሽኑ ልጄን ይነካዋል ወይ?» ፔስሜከር (የልብ ምት ማስተካከያ ማሽን) ይዛ ላረገዘች እህት የልብ ሐኪም ምላሽ

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። 29 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው አምስት ኪሎ አካባቢ ነው። ከ4 ዓመት በፊት ሥራ ቦታ ሁለቴ ራሴን ስቼ ወደቅሁና ስታከም የልቤ ምት በደቂቃ 34 ሆኖ ተገኘ። ‹ኮምፕሊት ብሎክ› ተብሎ ከውጭ የመጡ ሐኪሞች ባለ አንድ ሽቦ ፔስሜከር በነፃ ተከሉልኝ። ከዚያ ወዲህ ደህና ነኝ። ማሽኑን ያስፈተሽኩት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ካርዱም ቤት ስንቀይር ስለጠፋብኝ ስሙን እንኳ አላውቀውም። አሁን የ10 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ። የማሽኑ ኤሌክትሪክ ልጄን ይነካዋል? አልትራሳውንድ መነሣት እችላለሁ? ክትትል የጀመርኩበት ክሊኒክ ‹አንቺ የምትወልጂው በኦፕራሲዮን ብቻ ነው› ብሎኛል፤ እውነት ነው? አማቴ ደግሞ ‹ልጅ ይቅርብሽ፣ አንቺ ትበልጭብናለሽ› ይሉኛል። ባለቤቴም እሳቸውን ሰምቶ ዝም ብሏል። ምን ይመክሩኛል?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ማርያም በሽልም ታውጣሽ። ልብሽ ተንጠልጥሎ ይህን ሁሉ እንዳታነቢ አጫጭሮቹን መልሶች ላስቀድም። የማሽኑ ኤሌክትሪክ ልጅሽ ጋ አይደርስም። አልትራሳውንድ ማሽኑንም ጽንሱንም አይጎዳም። ፔስሜከር ስላለሽ ብቻ በኦፕራሲዮን መውለድ የለብሽም። አማትሽ የሚሉት ከፍቅር ነው፤ ነገር ግን ችግራቸው የልብ ምት ብቻ የሆነ፣ የልብ ጡንቻቸውና ቫልቮቻቸው ጤናማ የሆኑ ሴቶች ፔስሜከር ይዘው አርግዘው በሰላም ይወልዳሉ። አንቺ ከእነሱ አንዷ ነሽ አይደለሽም የሚለውን እኔ ከዚህ ሆኜ አልፈርድም። የሚፈርደው ኤኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ስለ ኤሌክትሪኩ ትንሽ ልጨምር፤ ይህን ጥያቄ ከአንቺ ሌላ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ማሽኑ የሚልከው ጉልበት በአብዛኛው ከ1 እስከ 3 ቮልት ነው። ለሬዲዮ የምትገዢው አንዱ ድንጋይ ራሱ 1.5 ቮልት ነው። የሚቆየውም ከአንድ ሺኛ ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ነው። የሽቦው ጫፍ የልብሽ ጡንቻ ላይ ተጣብቋል፤ እዚያችው ነካ አድርጎ ያበቃል። ጽንሱ ደግሞ የራሱ ልብ የራሱ ምት አለው፣ በደቂቃ ከ110 እስከ 160። ከእናቱ ማሽን ትእዛዝ አይቀበልም።

እንዲያውም ከጠየቅሽኝ ይልቅ ያሳሰበኝ እግረ መንገድሽን የጠቀስሽው ነው፦ አንድ ጊዜ ብቻ መፈተሽሽና ስሙን አለማወቅሽ።

ምክንያቱን ላስረዳሽ። እርግዝና ለልብ ትልቅ ሥራ ነው። የደምሽ መጠን ከ40 እስከ 50 በመቶ ይጨምራል። ልብሽ በደቂቃ የምትረጨው ደምም ከ30 እስከ 50 በመቶ ያድጋል። ይህ የሚጀምረው ሆድሽ ገፍቶ ሰው «እንኳን ደስ አለሽ» ሲልሽ አይደለም፤ አሁን፣ በዚህ በ10ኛው ሳምንትሽ ሥራው ተጧጡፏል። ልብ ይህን ሁሉ የምትወጣው በሁለት መንገድ ነው፤ በእያንዳንዱ ምት ብዙ ደም ትረጫለች፣ ምቷንም ታፋጥናለች። ጤነኛ ነፍሰ ጡር ዝም ብላ ተቀምጣ እንኳ ምቷ ከወትሮው ከ10 እስከ 20 ከፍ ይላል።

ያንቺ ልብ የመጀመሪያውን ታደርገዋለች። ሁለተኛው ላይ ነው ጣጣው። በአንቺ ዓይነት ብሎክ የላይኛው የልብ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው፤ የተቆረጠው ከላይ ወደ ታች የሚወርደው መልእክት ነው። ማሽንሽ ባለ ሁለት ሽቦ ቢሆን ኖሮ አንዱ ሽቦ የላይኛውን ክፍል እያዳመጠ፣ እሱ ሲፋጠን ማሽኑም ይከተለው ነበር። ባለ አንዱ ግን የላይኛውን አይሰማም። በደቂቃ 60 እንዲመታ ከተሞላ በ60 ይመታል። ብዙዎቹ ማሽኖች የእንቅስቃሴ ዳሳሽ አላቸው፤ ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ዳገቱን ስትይዢው ያፋጥናል። ያ ዳሳሽ የሚያውቀው ግን የሰውነትሽን መንቀሳቀስ እንጂ መፀነስሽን አይደለም። ምጥ ይዞሽ ጥርስሽን ነክሰሽ አልጋ ላይ ስትተኚ «ተኝታለች» ብሎ ዝቅ ሊል ይችላል። ማሽኑ ማርገዝሽን አያውቅም፤ ሰው ሊነግረው ይገባል።

የሚነግረው የልብ ሐኪም ነው፣ በማንበቢያ ኮምፒውተር። መርፌ የለውም፣ አያምም። ደረትሽ ላይ የኮምፒውተር መዳፊት የምታህል ነገር ይደረግና ማሽኑ የሆዱን ሁሉ ይናገራል፦ ባትሪው ስንት እንደቀረው፣ ሽቦው ደህና መሆኑን፣ ልብሽን ለማስመታት ስንት ቮልት እንደሚበቃ፣ ከምትሽ ስንቱ የማሽኑ ስንቱ የራስሽ እንደሆነ። እንደ አንቺ ባለ አንድ ሽቦ የሆነች ሴት ድካምና ትንፋሽ ማጠር ካለባት ዝቅተኛውን ምት ከ60 ወደ 70 ወይም 80 ከፍ ማድረግ የደቂቃ ሥራ ነው። ለሁሉም ግን አያስፈልግም፤ በ60 ሆና ዘጠኝ ወር ያለ ምንም ችግር የምትጨርስም አለች። ፍተሻውን እኔ የምፈልገው አሁን፣ ከዚያ በ28 እና በ32 ሳምንት መካከል (ከምጥ በፊት የልብ ሥራ ጣሪያ የሚደርሰው ያኔ ነው)፣ ቀጥሎ በ36ኛው ሳምንት ግድም፣ በመጨረሻም ከወሊድ በኋላ ነው።

እንግዲህ የካርዱ መጥፋት ለምን እንዳንገበገበኝ ይገባሻል። ሜድትሮኒክ፣ አቦት፣ ቦስተን ሳይንቲፊክ፣ ባዮትሮኒክ፣ እያንዳንዱ አምራች የየራሱ ማንበቢያ አለው፤ የአንዱ የሌላውን አያነብም። ስሙን ሳታውቂ ወደ አንዱ ሆስፒታል ብትሄጂ ቀኑን ሙሉ ተሰልፈሽ «የዚህ ማንበቢያ እኛ ጋ የለም» ተብለሽ ልትመለሺ ትችያለሽ። ስለዚህ ማሽኑ የተተከለበት ሆስፒታል ሄደሽ የቀዶ ሕክምና መዝገቡ ላይ እንዲፈልጉልሽ ጠይቂ። የተተከለበትን ወርና የቡድኑን አገር መናገር ፍለጋውን ያቀልላቸዋል። ካልተገኘ የደረት ራጅ ይበቃል፤ ማሽኖቹ ላይ በራጅ የሚታይ የአምራች ምልክት አለ፣ የለመደ ዓይን ያነበዋል። «ነፍሰ ጡር ራጅ ትነሣለች እንዴ?» ትይኝ ይሆናል። አንድ የደረት ራጅ ለጽንሱ የሚያደርሰው ጨረር እጅግ ኢምንት ነው፤ ሆድሽ በእርሳስ መከለያ ቢሸፈን ደግሞ ያንቺም ሐሳብ ያርፋል። ከተከላው በኋላ የተነሣሽው ራጅ ፍራሽ ሥር ካለ ግን ጨርሶ አዲስ አያስፈልግሽም። እንዲህ ያለው ፊልም ስንቴ ከፍራሽ ሥር ተገኝቶ ሥራ እንደሠራልኝ!

በነፃ የተተከለ ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። በእርዳታ ከሚመጡ ማሽኖች አንዳንዶቹ ከሌላ ሰው ወጥተው፣ ተፈትሸውና በሙያው መንገድ ጸድተው ዳግም የተተከሉ ናቸው። ሥራቸው እንደ አዲሱ ነው፣ የሚያሳፍርም የለበትም። ባትሪያቸው ግን የቀረው ዘመን ሊያጥር ይችላል። አዲስ ማሽን በተለምዶ ከ7 እስከ 12 ዓመት ያገለግላል፤ ያንቺ 4 ዓመቱ ነው። አዲስ ከነበረ በዚህ እርግዝና ባትሪ አያሳስብሽም። ዳግም የተተከለ ከሆነ ግን ባትሪው የሚያልቀው በ35ኛው ሳምንትሽ ይሁን ከ5 ዓመት በኋላ ዛሬ ማወቅ እንፈልጋለን። ቢያልቅም መድኃኒት አለው፤ ሽቦው ደህና ከሆነ በእርግዝና ውስጥም ቦታውን ብቻ አደንዝዞ ማሽኑን መቀየር ይቻላል።

(ባለቤትሽ «ሰው እንዴት በማሽን ይኖራል?» የሚል ዓይነት ሰው ከሆነ ይህን ንገሪው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1958 ስቶክሆልም ውስጥ በዓለም የመጀመሪያው ፔስሜከር የተተከለለት ሰው 43 ዓመቱ ነበር። የመጀመሪያው ማሽን በሰዓታት ውስጥ ተበላሸ። ሰውየው ግን በዕድሜው ከ20 በላይ ማሽን ቀያይሮ፣ የሠራለትን መሐንዲስና የተከለለትን ሐኪም ሁለቱንም ቀብሮ፣ በ86 ዓመቱ በ2001 ዐረፈ።)

አሁን ወደ ኤኮ። ልጅ ይኑርሽ አይኑርሽ የሚለውን ጥያቄ የሚመልሰው ፔስሜከሩ አይደለም፤ ፔስሜከሩን ያስተከለሽ ልብ ነው። እኛ አገር ብዙ ወጣት ሴት በልጅነቷ ጉሮሮዋን ታማ፣ ሳታውቀው ሩማቲክ የልብ ሕመም ይዟት ታድጋለች። ጠባብ ቫልቭ ያላት ሴት እርግዝና ሲገፋ ሳንባዋ ውኃ ሊቋጥር ይችላል፤ ያን ጊዜ ጉዳዩ ሌላ ነው። በተጨማሪም ለዓመታት በአንድ ሽቦ ከቀኝ በኩል ብቻ የምትነዳ ልብ በአንዳንድ ሰው ላይ ቀስ በቀስ ጡንቻዋ ይደክማል። ሁለቱንም ኤኮ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያሳያል። ቫልቭሽ ንጹሕ፣ ጡንቻሽ ብርቱ ከሆነ የአማትሽን ምክር በአክብሮት ታልፊዋለሽ። ካልሆነ ደግሞ ከልብ ሐኪምና ከማሕፀን ሐኪም ጋር ቁጭ ተብሎ ይመከራል፤ ያም ቢሆን በሩ ተዘጋ ማለት አይደለም። ኤኮው በዚህ ሁለት ሳምንት ውስጥ ይሠራ።

ሌላው፣ የልብሽ መልእክት ገና በ25 ዓመትሽ ለምን ተቆረጠ? ማንም አልነገረሽም መሰለኝ። እናትሽ በሕይወት ካሉ ሂጂና ጠይቂያቸው፦ «እኔን ስታረግዢ የኔ ልብ ቀስ ይላል ያለሽ ሐኪም ነበር? በሕጻንነቴ እንደ ሌሎቹ ልጆች እሮጥ ነበር? አንቺስ መገጣጠሚያ ያምሻል፣ ዓይንሽና አፍሽ ይደርቃል?» እንዲህ የምጠይቀው አንዳንድ ብሎክ ከእናት ማሕፀን ስለሚጀምር ነው። በእናት ደም ውስጥ ያሉ አንቲ-ሮ እና አንቲ-ላ የሚባሉ ፀረ እንግዳ አካላት እንግዴ ልጁን አልፈው የጽንሱን የልብ መስመር ያቆስላሉ፤ ልጁ ቀስ ባለ ምት ይወለድና ሳይታወቅበት ሊያድግ ይችላል። ያንቺ ከዚህ ከሆነ ፀረ እንግዳ አካሉ የእናትሽ እንጂ ያንቺ ላይሆን ይችላል፤ ልጅሽም በግድ አይወርሰውም። የደም ምርመራው ግን ላንቺም ቢደረግ እመርጣለሁ። ተገኘብሽ እንኳ ብንል፣ ፀረ እንግዳ አካሉ ካላቸው እናቶች ልጁ ብሎክ የሚይዘው ከ100 በ1 ወይም በ2ቱ ነው። የዚያን ጊዜ ከ16ኛው እስከ 26ኛው ሳምንት የጽንሱን ምት ቶሎ ቶሎ እናዳምጣለን። ከዚሁ ጋር በቤተሰብ ውስጥ ፔስሜከር የተተከለለት፣ ወይም በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ካለ ለሐኪምሽ ተናገሪ፤ በዘር የሚተላለፍ የልብ ጡንቻ ሕመም አለ።

መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ አልጻፍሽልኝም። ኢናላፕሪል፣ ሎሳርታን፣ አቴኖሎል ወይም ዋርፋሪን ካለ ዛሬውኑ ለሐኪምሽ ንገሪ እንጂ በራስሽ አታቁሚ። የደም ማነስ መከላከያውን አይረንና ፎሊክ አሲድ ያለ ሐሳብ ዋጪ።

ቤትና መንገድ ላይ ስላለው ብዙ የሚወራ አለ፤ አብዛኛው ከንቱ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ እንጀራ መጋገር ትችያለሽ፤ ማይክሮዌቭም አይጎዳም። ኢንዳክሽን የሚባለው ምድጃ ካለሽ ግን ደረትሽን ከላዩ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር አርቂ። ስልክ ከማሽኑ 15 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ ጡት መያዣ ውስጥ ሸጎጥ የማድረግ ልማድ ካለሽ ተዪው። ብየዳ ቤትና ወፍጮ ቤት ሞተሩ አጠገብ አትቁሚ፤ ዱቄቱን ሌላ ሰው ይቀበልልሽ። በየሕንፃው መግቢያ ያሉት ጥበቃዎች በእጅ የሚይዙትን ዱላ መሳይ መፈተሻ ደረትሽ ላይ እንዲያቆዩት አትፍቀጂ። «የልብ ማሽን አለኝ፣ በእጅ ይፈትሹኝ» ማለት ነው፤ ሴት ፈታሽ ትጠራልሻለች። በበሩ ማለፍ ችግር የለውም፤ እዚያ ሥር ቆሞ ወሬ መያዝ ነው የማይገባው።

መኪና ላይ ማሽኑ በግራ ትከሻሽ ሥር ከሆነ የሾፌሩ ቀበቶ በላዩ ያልፋል፤ በስስ ፎጣ ከልዪው እንጂ ቀበቶውን አትተዪ። ከሾፌሩ ጎን ስትቀመጪ ቀበቶው በቀኝ በኩል ስለሚያልፍ ይመቻል። የታችኛው ጠርዝ ሁልጊዜ ከሆድሽ በታች፣ ዳሌ ላይ ይሁን። እንቅልፍ ላይ ደግሞ «በማሽኑ በኩል አትተኚ» ያለሽ ሰው ይኖራል። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ በጀርባ ስትተኚ ማሕፀኑ ትልቁን የደም ሥር ይጫንና ያዞርሻል። ስለዚህ በግራሽ ተኚ። ማሽኑን አትሰብሪውም፤ ከቆረቆረሽ ትንሽ ትራስ ክንድሽ ሥር አድርጊ።

ስለ ጾምና ጠበል ሳትጠይቂኝ እናገራለሁ፤ የአዲስ አበባ የልብ ሐኪም ይህን ካላነሣ ግማሹን ሥራ አልሠራም። ጠበል ቁስሉ ለዳነ ማሽን ምንም አይደለም። ሌሊት በባዶ ሆድ ረጅም ሰልፍ ቆሞ በቀዝቃዛ ውኃ መጠመቅ ግን ማንኛዋንም ነፍሰ ጡር ይጥላል። ጾሙን ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪበት፤ ለነፍሰ ጡር የሚሉትን ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል። እኔ የማውቀው ውኃ ያጣ ሰውነትና ብዙ ትውከት የደም ማዕድናትን እንደሚያዛባ፣ ያን ጊዜም ሽቦው ጡንቻውን ለማስመታት እንደሚቸገር ነው። ውኃ እንኳ አልረጋልሽ ካለ «የፅንስ ነው» ብለሽ አትተኚበት፣ ሆስፒታል ሂጂ።

ከዚህ በታች ያለውን ባለቤትሽም ያንብበው። የነፍሰ ጡር ድካምና የማሽን ችግር ስለሚመሳሰሉ መለያ ዘዴ ያስፈልጋችኋል። ጠዋት ከአልጋ ሳትነሺ በሁለት ጣት የእጅ አንጓሽን ይዘሽ ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሪ። ማሽንሽ በ60 ከተሞላ ከ60 በታች መውረድ የለበትም። አንዳንዴ ትርፍ ምት መሐል ገብቶ በጣት ሳይሰማ ያልፋልና አንዴ 57 ብታገኚ አትደንግጪ፣ ድገሚው። ደጋግመሽ 50 ወይም 40 ካገኘሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ። ራስን መሳት፣ ዓይን ላይ ጨለም ማለት፣ ተጋድሞ መተንፈስ አለመቻል፣ ሌሊት በትንፋሽ እጥረት መንቃት፣ ድንገት የሚያብጥ እግር፣ እነዚህም ያው ናቸው። ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

የማሽኑ ቦታ ከቀላ፣ ካበጠ፣ ከሞቀ ወይም ትኩሳት ከያዘሽ «ምች ነው» ተብሎ ዳማ ከሴ አይቀባበት። የማሽን ኢንፌክሽን በሽቦው በኩል ወደ ልብ የሚወርድ አደገኛ ነገር ነው፤ በዚህ ጉዳይ ከቤት ሽማግሌዎች ጋር ብትጣዪም አይቆጨኝም።

ወደ ወሊዱ ልምጣ። «በኦፕራሲዮን ብቻ» ያለሽ ክሊኒክ ክፉ አስቦ አይደለም፤ የማያውቁት ማሽን ሲያስፈራቸው በቢላዋ መገላገል ይቀላቸዋል። ነገሩን ግን ልብ በይው። በምጥ ስትወልጂ ፔስሜከርሽን የሚረብሽ ምንም መሣሪያ አይነካሽም። ኦፕራሲዮን ላይ ግን ደም ለማቆም የሚጠቀሙበት በኤሌክትሪክ የሚያቃጥል ኮተሪ አለ፤ ማሽንሽ ያንን ኤሌክትሪክ የልብ ምት መስሎት «ልቧ በራሷ እየመታች ነው» ብሎ ለአፍታ ዝም ሊል ይችላል። ማሽኑን ፈርተው የሚመርጡት መንገድ ማሽኑ የሚፈራውን መሣሪያ ያመጣል ማለት ነው! ስለዚህ ልብሽ ጤናማ ከሆነ የመጀመሪያው ምርጫ በምጥ መውለድ ነው፣ ማማጥም ትችያለሽ። ኦፕራሲዮን የሚመጣው እንደ ማንኛዋም ሴት ለማሕፀን ወይም ለልጅ ምክንያት ነው።

ያ ምክንያት ከመጣም አትፍሪ። ቁርጡ ከእምብርት በታች ስለሆነ ከማሽኑ ሩቅ ነው። ሐኪሞቹ ሁለት ጫፍ ያለውን ባይፖላር ኮተሪ ይጠቀሙ፤ እሱ ከሌለ ተራውን በአጭር በአጭሩ ይንኩ፣ የመመለሻ ሰሌዳውንም ጭንሽ ላይ ይለጥፉ፤ ኤሌክትሪኩ ወደ ደረት እንዳይወጣ። አጠገባቸው ማግኔት ይኑር። ማግኔት ፔስሜከር ላይ ሲቀመጥ ማሽኑ ማዳመጡን ትቶ በቋሚ ምት ይመታል፣ ሲነሣ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ይህ ለፔስሜከር ነው፤ ድንገተኛ የልብ መንቀጥቀጥን የሚመቱት ማሽኖች ላይ ማግኔት የሚሠራው ሌላ ነው፣ ስሙን ማወቅ ያስፈለገበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ወገብ ላይ የሚሰጠውን ማደንዘዣ ፔስሜከር አይከለክለውም። ፔስሜከር ስላለሽ ብቻም ለተራ ወሊድ ተጨማሪ አንቲባዮቲክ አያስፈልግም።

የት ትውለጂ? የልብ ሐኪምና የማሕፀን ሐኪም አንድ ግቢ ውስጥ ያሉበት ቦታ፣ ለምሳሌ ጥቁር አንበሳ። ጋንዲ ሆስፒታል ብዙ እናት ያዋለደ ቤት ነው፣ ከጥቁር አንበሳም ሩቅ አይደለም። ሩቅ አለመሆንና አንድ ግቢ መሆን ግን ለየቅል ነው፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ በተለይ። ኤኮሽ ንጹሕ ከሆነና ሐኪሞችሽ ከተስማሙ ሌላ ቦታም ይቻላል። የሚፈራው ሰዓት ልጁ ከወጣ በኋላ ነው፤ ማሕፀን ሲጨመቅ በውስጡ የነበረው ደም ወደ ልብ ይመለሳል፣ ልብም የዘጠኙን ወር ከፍተኛ ሥራ የምትሠራው በዚያች ቅጽበት ነው። ስለዚህ በ6 ሰዓት ውስጥ «ደህና ነሽ፣ ወደ ቤት» ቢሉሽ አትሂጂ፤ ቢያንስ 48 ሰዓት ቆዪ። ገንፎው እዚያው ይምጣልሽ።

ከሁሉ በላይ ግን አንዲት ወረቀት። በዚህ ከተማ ያየሁት ትልቁ ችግር የልብ ሐኪሟ የጻፈውን ማሕፀን ሐኪሟ ሳያየው መቅረቱ ነው። አንዲት እናት በሌሊት ተራ አዋላጇ የልቧን ምት 70 ላይ ቀጥ ብሎ፣ ጭማሪም ቅናሽም የሌለው ሆኖ ስታየው ደንግጣ ኦክስጅን ስታጥንና ሐኪም ስትቀሰቅስ አደረች። ማሽኑ የታዘዘውን እየሠራ ነበር፤ የማያውቁት ሰዎቹ ነበሩ። ከፍተሻው ስትወጪ ሐኪምሽ በአንድ ገጽ ይጻፍልሽ፦ የማሽኑ ስምና ሞዴል፣ መቼና ለምን እንደተተከለ፣ በስንት እንደተሞላ፣ ማሽኑ ቢቆም የራስሽ ምት ስንት እንደሆነ፣ የባትሪው ዕድሜ፣ የኤኮው ውጤት፣ ኮተሪ ቢያስፈልግ ምን እንደሚደረግ፣ የሐኪሙ ስልክ። ከክትትል ካርድሽ ጋር ይታሰር። ፎቶው ባንቺም በባለቤትሽም ስልክ ይቀመጥ፤ ምጥ የያዛት ሴት ወረቀት አትፈልግምና ሥራው የእሱ ይሁን። ዝም ላለው ባል እንዲህ ያለ የተቆረጠ ሥራ መስጠት ይጠቅማል፣ ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

ጡት ማጥባት ትችያለሽ። ጡት ሲሞላ የማሽኑ ቦታ ቆዳ ሊወጠር ይችላል፤ ሕጻኑን በሌላው በኩል አስተኝተሽ ወይም ጎንሽ ላይ ተጋድመሽ አጥቢ። ማዘል ስትጀምሪ የአንቀልባው ማሰሪያ ማሽኑ ላይ እንዳያርፍ፤ ቀበቶው ተጭኖ ውሎ ቆዳ ያሳሳል። በነጠላ አንድ ትከሻ ላይ የምታዝዪ ከሆነ ማሽን በሌለበት ትከሻ ይሁን።

የመጨረሻው ፍተሻ ከወሊድ በኋላ በ6ኛው ሳምንት ነው። ምትሽ በእርግዝናው ምክንያት ወደ 75 ወይም 80 ከፍ ተደርጎ ከሆነ መልሶ ዝቅ የሚደረገው ያኔ ነው፤ ካልተነካ ማሽኑ በዚያው ይቀጥልና ባትሪሽን በከንቱ ይበላዋል። ወንድ ከሆነ ቀጠሮው ከ40ኛ ቀኑ ክርስትና ጋር ይገጣጠማል፤ ቤቱ በእንግዳ ሲሞላ ይህች ቀጠሮ ናት የምትረሳው፤ ስለዚህ ከክርስትናው በፊት ባለው ሳምንት አድርጊያት። የማሽኑን ስም ስታገኚና የኤኮው ውጤት ሲወጣ ጻፊልኝ።